ስልሳ ደቂቃ በመስመር ዘጠኝ

ቨርና ስቶልትዝ በክሊንግስቦሮ ከተማ የተማሪ ሰርቪስ መንዳት ከጀመረች ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የፔንስልቬንያ በረዶ መሪ አስጥሏት አያውቅም፤ ድንጋይ ከሰል የጫነ መኪና ተጋፍቷት መንገድ ለቃ አታውቅም። አርባ ስምንት ልጅ ከኋላዋ በአንድ አፍ ሲጮህ ቀና ብላ በመስታወቱ አንዴ ታያቸዋለች፤ ጸጥ ይላሉ። ይህቺ ሴት በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማይክ። ሰው ፊት ቆመሽ ተናገሪ ከተባለች ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል። አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን የኬክ ሽያጩን ሰዓት አስታውቂ አሏት። ማይኩን ይዛ ብዙ ከተነፈሰች በኋላ "አሜን" ብላ ተቀመጠች። ሕዝቡም አሜን አለ። ኬኩን ሊገዛ የመጣ ግን አልነበረም።

ከመስታወት ፋብሪካው መዘጋት ወዲህ የከተማዋ ግብር አልሞላ ብሎ፣ በዚያ ዓመት የትምህርት ቤቶቹ በጀት ክፉኛ ተቆረጠ። ቤተ መጻሕፍቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ይከፈት ተባለ። የሙዚቃ አስተማሪው ለሦስት ትምህርት ቤት ይዳረስ ተባለ። መስመር ዘጠኝ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋ ተባለ። መስመር ዘጠኝ ማለት የቨርና መስመር ነው፤ ታነር ሂል የሚባለውን ዳገት ዞሮ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ልጆቹን የሚያመጣው።

ይህን በሚለው ወረቀት ላይ፣ ከሥሩ፣ አንድ ሌላ አጀንዳ ሰፍሯል፦ አዲስ ቻርተር ትምህርት ቤት ስለ መክፈት። ገንዘቡ ከዚያው ከተቆረጠው የሕዝብ በጀት ይወጣል፤ አመራሩ ግን የመሥራቾቹ ነው፣ ቦርዱ አያዝበትም። መሥራቹ ፕሬስተን ሌርድ የሚባል ከትልቅ ከተማ የመጣ ሰው ነው፤ ጥርሱ ነጭ፣ ጫማው ከጥርሱ የነጣ። የትምህርት ቤቱ ስም "የነገ መሪዎች አካዳሚ" ነው። ወንበር የለውም። ልጆቹ የሚቀመጡት በተነፉ ትልልቅ ኳሶች ላይ ነው።

ቨርና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ልታነብ ስትል ልጇ ኮሊን በጓሮ በር ገባች።

"እማዬ፣ ቴሳን ላስመዘግባት ነው።"

"የት?"

"ሌርድ ጋ። ኳሱ ትምህርት ቤት።"

"ኮሊን! ሰውዬው እኔን ከመንገድ አስወጥቶ በመስመሬ ገንዘብ ኳስ ሊነፋ ነው እኮ!"

"አንቺ ሁለት ዓመት ቆይተሽ ጡረታ ትወጫለሽ። ቴሳ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ከክፍል አስወጥተዋታል፣ አርፋ አትቀመጥም ብለው። ሁለት ደቂቃ መቀመጥ አቅቷት እያየሽ..."

"አንቺስ መቼ አርፈሽ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ! ያኔ ለኔም ኳስ ቢሰጡኝ ኖሮ ይሄኔ ሐኪም ነበርኩ።"

ኮሊን በዋናው መንገድ ላይ የሴቶች ጥፍር የምታሳምርበት ቤት አላት፤ ሥራዋንም ትወደዋለች። ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ ቨርና የሰማችው በዚያን ቀን ነው። ተኮራርፈው ተለያዩ።

በማግስቱ ዩኒስ ፖምሮይ መጣች። ዩኒስ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምራ ጡረታ የወጣች ቀጭን ሴት ናት። ሌላው ሰው ጋዜጣ ሲያነብ እሷ የቦርዱን መተዳደሪያ ደንብ ታነባለች።

"ስሚኝ ቨርና" አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። "ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት በእሳት አደጋ አዳራሽ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል። አዳራሹ ከስድስት ሰዓት በኋላ ለሠርግ ተከራይቷል። የሌርድ ማመልከቻ ጊዜው የሚያልፈው ያው ቅዳሜ ነው። ስድስት ሰዓት ድረስ ድምፅ ካልተሰጠበት ለዘንድሮ ሞቷል።"

"እና?"

"እና ማንኛውም ነዋሪ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። የራሱን ሦስት ደቂቃ ለሌላ ሰው ቢሰጥም ይፈቀዳል፤ አንቀጽ አሥራ አንድ። ተናጋሪው ሳይጨርስ ደግሞ ድምፅ መስጠት ክልክል ነው፤ አንቀጽ አሥራ ሁለት። ሃያ ሰው አስፈርሜ ስልሳ ደቂቃ እለፈልፍባቸዋለሁ!"

ቨርና ደስ ብሏት ፈረመች። ሦስት ደቂቃዋን ለመገላገል እሷን የሚያህል አልነበረም።

ቅዳሜ ሲደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ግማሹ ወንበር ለሠርጉ ነጭ ሪባን ታስሮበት ግድግዳ ጥግ ተደርድሯል። ከመድረኩ ጠረጴዛ ኋላ ደግሞ አምስቱ የቦርድ አባላት በአምስት ብርቱካንማ ኳሶች ላይ ተቀምጠዋል። ሌርድ "እስቲ ሞክሩት" ብሎ ወንበሮቻቸውን አንስቶባቸው፣ አምስቱም እምቢ ማለት አፍረው ነው። ሰብሳቢው ዴልማር ሃስክ የከብት መኖ የሚሸጥ፣ እሱ ራሱ አንድ ወይፈን የሚያህል ሰው ነው። በተነፈሰ ቁጥር ኳሱ ሲጥ ይላል። የቦርዱ አንጋፋ ሽማግሌው ክላይድ ደግሞ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው ከአድማስ ዓይኑን አይነቅልም።

ዩኒስ ዘግይታ ገባች። አንገቷ ላይ ወፍራም ሻርፕ ጠምጥማለች። ቨርና ጎን ተቀመጠችና አፏን ስትከፍት የወጣው ማጠፊያው የዛገ በር ድምፅ ነው።

"ምን ሆንሽ?"

ዩኒስ ከቦርሳዋ ካርቶን አውጥታ ጻፈች፦ ትናንት። እግር ኳሱ። ዳኛው ሌባ ነው።

"ወይኔ! ታዲያ ማን ሊናገር ነው?"

ዩኒስ ካርቶኑን ገለበጠችው። ሌላኛው ገጽ ላይ አስቀድሞ ተጽፎበታል፦ አንቺ። ቅጹን አስገብቻለሁ።

"አብደሻል ዩኒስ? እኔ እኮ አሜን ብዬ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ!"

ዩኒስ ጻፈች፦ መስመሩ ያንቺ ነው።

በዚህ መሃል ሌርድ ሲናገር ቆየ። ሥዕል እያሳየ፣ ኳስ ላይ የተቀመጠ ልጅ ጀርባው እንደሚጠነክር፣ ጀርባው የጠነከረ ልጅ ሐሳቡ እንደሚጠነክር፣ ሐሳቡ የጠነከረ ልጅ መሪ እንደሚሆን አስረዳ። ደጋፊዎቹ ተራ በተራ ተነስተው ተናገሩ። ኮሊንም ከእናቷ ፊት ሸሽታ ከሌርድ ጎን ፊት ረድፍ ላይ ሆና ሦስት ደቂቃዋን ስለ ቴሳ ተናገረች። ንግግሯ ጥሩ ነበር። ቨርና ሳታውቀው አጨበጨበችና ዩኒስ በክርኗ ጎሸመቻት።

አምስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ዴልማር ከፊቱ ያለውን ቅጽ አነሳ።

"ቀጣይ... ቨርና ስቶልትዝ።" ቅጹን ጠጋ አድርጎ ደግሞ አየው። "ስልሳ ደቂቃ?"

ዩኒስ ካርቶን ከፍ አደረገች፦ አንቀጽ አሥራ አንድ!

ቨርና ወደ ማይኩ እንዴት እንደደረሰች አታስታውሰውም። ደርሳ ቆማለች፣ እሱ ብቻ ነው የሚታወቃት። ከግድግዳው ላይ ቀዩ የሰዓት መቁጠሪያ ስልሳ ይላል።

"መስመር ዘጠኝን አትዝጉ። ጠመኔ ሳይቀር እየቆጠባችሁ ባለበት ጊዜ አዲስ ትምህርት ቤት አትክፈቱ። ጨረስኩ።"

መቁጠሪያው ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሰከንድ ይላል።

ዴልማር ደስ አለው። "እናመሰግናለን ሚስ ቨርና። እንግዲህ ተናጋሪዋ አሥር ሰከንድ ዝም ካሉ ወደ ድምፅ መስጠት..."

ዩኒስ ከኋላ ሻርፗን እያውለበለበች ትዘላለች። ስድስት ሰከንድ፣ ሰባት ሰከንድ። ቨርና ዓይኗን ጨፈነች። ምንም የሚረዳት ነገር ሲጠፋ ሁለት እጇን ከፊቷ ዘረጋችና የሌለ መሪ ጨበጠች።

"ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል" አለች። "ሞተር አስነሳሁ። እስኪሞቅ እጠብቃለሁ።" ጠበቀችም፤ ዘጠኝ ሰከንድ። "አንደኛ ፌርማታ፣ የታነር ሂል ግርጌ፣ የፖትስ ልጆች። ሦስት ልጅ፣ አምስት ጫማ። ስድስተኛውን እናታቸው በፒጃማ እየሮጠች ታመጣዋለች።"

"ውሻው ነው የሚደብቀው!" አለች ወይዘሮ ፖትስ ከመሃል ተነስታ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

"ሁለተኛ ፌርማታ፣ ሊዮናርድ። ሊዮናርድ ትልቁን ጥሩምባ ነው የሚነፋው። ጥሩምባው የራሱ ወንበር አለው፤ ቀበቶም አስርለታለሁ። የሙዚቃ አስተማሪውን ከወሰዳችሁብን ወንበሩ ባዶ ሊቀር ነው። እኔ ደግሞ ለምጄዋለሁ፤ በየቀኑ ደህና አደርክ እለዋለሁ።"

"ልጁን?" አለ ክላይድ።

"ጥሩምባውን። ልጁ ተኝቷል።"

አዳራሹ ሳቀ። ቨርና አልሰማችም፤ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እየወጣች ነበር። በሦስተኛው ፌርማታ የሚለሮች ዝይ መጣች።

"ጌርትሩድ እኔን አትወደኝም። በሩን ስከፍት ልጆቹን ቀድማ ደረጃው ላይ ጉብ ትላለች።"

"ትሳፈራለች?" ሲል ሌርድ ራሱን ረስቶ ጠየቀ።

"ትሞክራለች። ጥቅምት ላይ አንዴ ተሳፍራ እስከ ሦስተኛ ክፍል በር ድረስ ሄዳለች። ያን ቀን አንድም ልጅ አላረፈደም።"

ዴልማር መዶሻውን አነሳ። "ሚስ ቨርና፣ ከርዕስ ወጥተዋል። ዝይ በአጀንዳው ላይ የለችም።"

ቨርና ዓይኗን ሳትከፍት ቀና አለች፤ ልክ በመስታወቱ እንደምታያቸው። "ዴልማር፣ መኪና እየሄደ ሹፌር ይናገራሉ?"

"የለም ሚስ ቨርና" አለ ዴልማር፣ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሆኖ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ፤ ቶሎም ተቀመጠ። የተቀመጠው ግን ኳስ ላይ ነበር። ኳሱ እንደ ሳሙና አፈተለከና ዴልማር ሁለት እግሩን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ ከጠረጴዛው ኋላ ጠፋ። ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አነሱት። አንደኛው በሥራ ላይ ስለነበር ቆብ አድርጓል።

"ደህና ነኝ" አለ ዴልማር። "ይቀጥሉ።"

"አምስተኛ ፌርማታ፣ ድልድዩ ጋ። ይሄ ያኔ የዴልማር ፌርማታ ነበር።"

"ይሄ አያስፈልግም!"

"ከኋላዬ ይቀመጥና ድልድዩን እስክናልፍ የቆቤን ፀጉራም ጫፍ ይይዛል። እሱ ካልያዘው ድልድዩ የሚፈርስ ይመስለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይዞልናል፤ ይኸው ድልድዩም አልፈረሰም።"

"ጸሐፊ፣ ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይገባ!"

"ገብቷል" አለች ጸሐፊዋ።

ከዚያ በኋላ ያቆማት የለም። ከኋላ ያሉት ሰዎች እንኳን ፌርማታቸው ሲደርስ እጅ እያወጡ "አቤት!" ይሏት ጀመር። አንዱ መስኮት ይከፈትልን አለ። ክላይድ በስምንተኛው ፌርማታ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ከኳሱ ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ጠረጴዛው ሥር ጋደም አለ። ጎረቤቱ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል "ተወኝ፣ ከኳሱ ይሻላል" አለው።

"አሥራ አንደኛ ፌርማታ" አለች ቨርና፣ ድምፅዋም ትንሽ ተለወጠ። "የልጄ ልጅ፣ ቴሳ። ቴሳ መቀመጥ አትችልም ይላሉ። እኔ ጋ ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች። የመጀመሪያ ቀን እግሯ ሲወራጭ አየሁና፣ በየደጁ ያለውን የፖስታ ሣጥን ቁጠሪልኝ፣ ክፍት የሆነውን ንገሪኝ አልኳት። ሥራ ስጧት እንጂ ትቀመጣለች። ትናንት ሦስት ክፍት ሣጥን አግኝታለች። አንዱ ውስጥ ድመት ነበር።"

ቨርና በጨረፍታ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። ኮሊን አፏን በእጇ ይዛለች። ትንሽ ቆይታ ወደ ሌርድ ዘንበል ስትል ሹክሹክታዋ ማይኩ ድረስ ተሰማ።

"አካዳሚው ሰርቪስ አለው አይደል?"

"ትራንስፖርት በሁለተኛው ምዕራፍ ነው" አለ ሌርድ።

"ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነው?"

ሌርድ አሰበ። ሐቀኛ ሰው ነበር። "ከአንደኛው በኋላ።"

ቨርና ነዳች። ነድታ ነድታ ግን ዋናውን መንገድ ይዛ፣ መብራቱን አልፋ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ገባች። ፍሬን ያዘች። በሩን ከፈተች። ልጆቹን አወረደች፤ ጥሩምባውንም ፈታ አወረደች። ከዚያ በኋላ ምንም አልቀረም። ዓይኗን ከፍታ መቁጠሪያውን አየች፤ አሥራ ስድስት ደቂቃ ይቀራል። የሌለው መሪ ከእጇ ጠፋና ማይኩ እንደገና ማይክ ሆነ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." እያለ ዴልማር በጣቱ ይቆጥራል። ዩኒስ ካርቶኗ ላይ የምትጽፈው ጠፍቷት ዝም ብላ እስክሪብቶውን ታወዛውዛለች።

"ስምንት፣ ዘጠኝ..."

"ጥያቄ አለኝ!" ብላ ኮሊን ተነሳች።

"አንቺ ሦስት ደቂቃሽን ጨርሰሻል" አለ ዴልማር።

"ንግግር አይደለም፣ ጥያቄ ነው።" ወደ እናቷ ዞረች። ቨርናን ልጇ እንደዚህ ካየቻት ቆይቷል፤ በተናደደችና ሳቅ በመጣባት ጊዜ የምታሳየው ፊት ነው። "ልጆቹ ትምህርት ቤት አደሩ እንዴ? የከሰዓቱ መመለሻስ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቨርና መሪውን ጨበጠች።

"ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ" አለች። "ሲመለሱ ደግሞ ርቧቸዋል።"

መመለሻው ከመሄጃው የባሰ ነበር። የፖትስ ልጆች አራት ጫማ ይዘው ተመለሱ። ዝይዋ ድልድዩ ጋ መንገድ ዘግታ ተቀምጣ ነበርና ቨርና የመኪና ጥሩምባ ስትነፋ ሊዮናርድ በራሱ ጥሩምባ አገዛት። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀር የሠርጉ ሰዎች በጎን በር ይገቡ ጀመር። መጀመሪያ ትልልቅ የምግብ ሣጥኖች፣ ቀጥሎ አኮርዲዮን ያነገበው የሙሽራዋ አባት፣ በመጨረሻም ሙሽራዋ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ። ሙሽራዋ ቆማ ስታዳምጥ ቆየችና፣

"የኔን ፌርማታ አልፈሽዋል እንዴ ሚስ ቨርና?" አለች።

"አሁን ደርሰናል፣ የኔ ቆንጆ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳትዘገዪ ቀርተሽ አታውቂም።"

"ዛሬም አርፍዳለች!" አለ ከሰው መሃል የሙሽራው ድምፅ።

ዴልማር ነገሩ ገባውና ብድግ አለ። "ይበቃል! ድምፅ እንስጥ! የምትደግፉ..."

ልክ በዚያች ቅጽበት የእሳት አደጋው ሳይረን አምባረቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይፈተሻል፤ በከተማው ውስጥ ይህን የማያውቅ ሌርድ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ክላይድን ተደገፈ። ዴልማር ይጮሃል፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ እንጂ ድምፁ አይሰማም። ሳይረኑ ሲያቆም አኮርዲዮኑ ተቀበለው። የሙሽራዋ አባት ማንንም አልጠበቀም፤ ኪራዩን ከፍሏል።

የሠርጉ ሰዎች ምግብ ተርፏል ብለው ሕዝቡን አስቀሩት። ሌርድ ጎመን በኑድል በልቶ፣ ከዩኒስ ጋር ሁለት ዙር ፖልካ ጨፈረ። ዩኒስ ድምፅ ስላልነበራት በጣም ጥሩ ሴት መስላው ነበር።

ማመልከቻው ለዚያ ዓመት ወደቀ። ቦርዱ በሚቀጥለው ስብሰባው አንቀጽ አሥራ አንድን ሰረዘ፤ አምስቱም በሙሉ ድምፅ። መስመር ዘጠኝ አልተዘጋም፤ ግን ከመስመር አራት ጋር ተቀላቀለና ቨርና አርባ ደቂቃ ቀድማ መነሳት ግድ ሆነባት፤ ለዚህም ዴልማርን በየሳምንቱ መኖ ቤቱ ድረስ እየሄደች ትሰድበዋለች። የሙዚቃ አስተማሪው ግን ከሦስት ትምህርት ቤት አልዳነም።

ሰኞ ከሰዓት ቨርናና ኮሊን አንድ ላይ ወደ ቴሳ አስተማሪ ሄዱ። አስተማሪዋ ደክሟት፣ ሃያ ስምንት ደብተር ፊቷ ተከምሮ አገኟት።

"ሥራ ስጫት" አለች ቨርና። "የምትቆጥረው ነገር።"

"ምን ትቁጠርልኝ ወይዘሮ ስቶልትዝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ እርሳስ ትቁጠር።"

አስተማሪዋ ትንሽ አሰበችና ቴሳ ከክፍሉ ኋላ ቆማ እንድትጽፍ ፈቀደች፤ የእርሳስም ሹም አደረገቻት። በቀጣዩ ወር ሙሉ ከክፍል የወጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አስተማሪዋን እርሳስ ሰርቀሻል ብላ ነው።

መኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ኮሊን ቁልፏን እየፈለገች፣ "አካዳሚው ግን ይሻል ነበር" አለች።

"ሊሆን ይችላል።"

"አንዴ እንኳን አልሞከርሽውም። ኳሱን ማለቴ ነው።"

"ዴልማር ሞክሮልኛል።"

ኮሊን ላለመሳቅ ብዙ ታገለች፣ አልቻለችም። ከዚያም እሁድ ምሳ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ እንደገና ተጨቃጨቁ፤ በሚቀጥለውም እሁድ።